ክራባት ያሰረው ቀጭኔ

ሠዓሊዋ ቀን ቀን የእንቁራሪት አንጀት ትስላለች። ቀልድ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ የበቆሎ ሥር፣ የልብ ክፍሎች፣ የእሳተ ገሞራ ሆድ ስትስል ትውላለች። አንዷ ቀስት ትንሽ ከተዛነፈች አለቃዋ በቀይ ከብቦ ይመልስላታል።

ከሥራ ስትወጣ ግን እጇ ይፈታል። ዝናብ የሚፈራ ጃንጥላ፣ መንትያውን ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞር ጫማ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ የምትጠብቅ ዶሮ ትስላለች። ሥዕሎቹን «የማይረቡ ነገሮች» ብላ በሰየመችው ገጽ ላይ ትለጥፋቸዋለች። መጀመሪያ የሚያዩላት የሥራ ባልደረቦቿ ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን የማታውቀው ሰው ሁሉ በየማለዳው «የዛሬዋስ የታለች?» እያለ የሚጠይቃት ሆነ።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገቻትና አሁንም አብራት የምትኖረው አክስቷ ብቻ ነገሩ አልገባትም።

«ዶሮ ፀጉር ቤት ምን ልትሆን ትሄዳለች?» ትላታለች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«ላባዋን ልትተኮስ ነዋ።»

«የሰው ልጅ ትዳር ይይዛል፤ አንቺ ዶሮ ታስተኩሻለሽ!»

አንድ ቀን ሠዓሊዋ ሥዕሎቿን በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ አድርጋ ልትሠራቸው ፈለገች። የሄደችባቸው ማተሚያ ቤቶች ሁሉ «ለዚች ብለን ማሽን አናስነሳም» እያሉ መለሷት። የመጨረሻው ቤት ውስጥ የነበረችው ተቀባይ አዝናላት መሰለኝ፣ «እስቲ ጓሮ ያለውን ጠራዥ ጠይቂው፤ እሱ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል» አለቻት።

ጓሮው ሙጫና ወረቀት የሚሸት ጠባብ ክፍል ነው። ጠራዡ እጅጌውን ሰብስቦ የአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ጀርባ ይሰፋል። ረጅም ነው፤ ፀጉሩ ላይ የወረቀት ብናኝ ሰፍሯል። ሥዕሎቹን ስትዘረጋለት ከሥዕሉ በፊት ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ አንድ በአንድ አያቸው፤ አልሳቀም። ጃንጥላው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ዝናብ ይፈራል አይደል?»

«አዎ።»

«ፀሐይ ስትወጣስ? ያኔም ማንም አይዘረጋውም ማለት ነው?»

አስባው አታውቅም። ጃንጥላውን ስንት ሺህ ሰው አይቶ ስቋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ምን እንደሚሆን የጠየቀ ግን አልነበረም።

«አስቤው አላውቅም» አለችው።

«እንግዲያው አንድ ገጽ ጎድሏል። ለነገሩ አሥራ ሁለት ገጽ ለእኔም አይመቸኝም። አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ነው የሚወጣው። አራት ጨምሪና ነይ።»

አራት ጨምራ ሄደች። ሦስቱን ይዛ አራተኛውን ቤት ረስታ ነበርና በማግስቱ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን የሽፋኑን ቀለም ልትመርጥ መጣች። በአራተኛው ቀን የመረጠችውን ቀለም ልትቀይር። በአምስተኛው ቀን ምክንያት አልቆባት ዝም ብላ በሩ ላይ ስትቆም ጠራዡ ቀና ብሎ አያትና ከጎኑ ያለውን በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላት። ተቀምጣ ሲሰፋ አየችው።

ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነበር። ስልኩ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላ የማይችል አሮጌ ነገር ነው፤ ገጿን ከፍቶ አያውቅም። «እኔ የሚዳሰስ ነገር ነው የሚገባኝ» ይላታል። ሥዕሎቿን ሁሉ ግን በወረቀት ላይ እያመጣች ታሳየዋለች፤ እሱም ሁልጊዜ የጎደለችውን ገጽ ያገኛል። «ጫማው መንትያውን ቢያገኘውና ሌላኛው ባያውቀውስ?» ይላል በለሆሳስ። እሷ ያንን ይዛ ቤት ትገባና እራት ሳትበላ ትስላለች።

መስፋትም አስተማራት። በሰም የታሸ ክር፣ ወፍራም መርፌ፣ በወስፌ የተበሱ ቀዳዳዎች።

«አታጥብቂው፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ልልም አታድርጊው፤ መጽሐፉ ይፈርሳል።»

«ስለ ክሩ ነው የምታወራው?» አለችው ሳቋን አፍና።

«ስለ ክሩ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። ዓይኑን ግን ከእጇ ላይ አላነሳም።

ትንሿ መጽሐፍ ስታልቅ የመጀመሪያዋን ቅጂ ለአክስቷ ወሰደችላት። አክስት ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ ጠርዙን እያገላበጠች መረመረች።

«ይሄን የሠራው እጅ የታረመ እጅ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ሚስት አለው?»

«አክስቴ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ሽማግሌ ይላክ መች አልኩ!»

አንድ የሰኔ ቀን፣ ከሥራ በኋላ አብረው ሲሄዱ፣ ጠራዡ እርምጃውን አዘገመ። ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አጥብቀው አስረው ቆመዋል። ቀጭንና ረጅም ናቸው። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ወረደ። ሽማግሌው ከሚወርደው ሰው በላይ አንገታቸውን መዘዝ አድርገው ተመለከቱ። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ሲዘጋ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ቀስ እያሉ ሄዱ።

«አባቴ ናቸው» አላት።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?»

አባቱ ጥጉን እስኪታጠፉ ጠበቀ። ከዚያ ቃል ቆጣቢው ሰው ተናገረ። እናቱ ስልክ ቤት ትሠራ ነበር። አባቱ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ማቆሚያ መጥተው ተቀብለዋት ቦርሳዋን ይሸከሙላት ነበር። እሷ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል። እሳቸው ግን አሁንም ይመጣሉ።

«ረስተውት ነው እንዴ?»

«አይ። ጤነኛ ናቸው። አንድ ጊዜ ልመልሳቸው ብሞክር ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹እንደማትወርድ አውቃለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን እግሬ ራሱ ይነሳል።›» ወደ እሷ ዞረ። «ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሌላ አገር ላለችው እህቴ እንኳ። ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።»

እጁን ያዘችው። እንባዋ መጣ። በዚያች ሰዓት ከልቧ እንደወደደችው፣ አባቱንም ሳታውቃቸው እንደወደደቻቸው የሚመሰክርላት ባይኖርም እውነት ነው።

ሦስት ቀን ታገሠች። ሽማግሌው ግን ከዓይኗ አልጠፉ አሉ። በአራተኛው ቀን እርሳሷን ስታነሳ እጇ እንደ ውኃ ወረደ፤ ክራባት ያሰረ አሮጌ ቀጭኔ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ። ከአውቶቡሱ ዝሆን ይወርዳል፣ ኤሊ ትወርዳለች፣ አንድ የንብ መንጋ ይወርዳል። ቀጭኔው አንገቱን መዝዞ በመስኮቶቹ ውስጥ ይመለከታል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈች፦ «ዛሬም አልወረደችም።»

አክስቷ ሥዕሉን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቀለደችም። ባሏን የቀበረች ሴት ናት።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለቻት በመጨረሻ።

«ከሐሳቤ» አለች ሠዓሊዋ። ስትዋሽ ፊቷ እንደጋለ ራሷም ታወቃት። ቢሆንም ለጠፈችው። ሰው አይደለም፣ ቀጭኔ ነው፤ ማን ያውቃል? ቅዳሜ ደግሞ በወረቀት አትሜ አሳየዋለሁ፣ ደስ ይለዋል አለች በልቧ።

ቅዳሜ እስኪደርስ ቀጭኔው አገር አዳረሰ። ሰዎች እያለቀሱ ለእናቶቻቸው ላኩት። ከማቆሚያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ሥዕሉን አየ፤ ቀና አለ፤ ማዶ የቆሙትን ሰውዬ አየ። ፎቶ አነሳቸውና ከሥዕሉ ጎን አድርጎ ለጠፈው፦ «ቀጭኔው እኛ ሰፈር ነው የሚኖረው!»

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማቆሚያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዲት ወጣት አበባ ይዛ መጥታ፣ ጓደኛዋ በስልክ እየቀረጸቻት፣ «አባባ ቀጭኔ፣ አንዴ ፈገግ ይበሉልን!» አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «የምን ቀጭኔ ልጄ?» አሉ። ስልኳን አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱላት፣ «አመሰግናለሁ» አሉ፣ አበባውን ሳይወስዱ ዞረው ሄዱ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አውቶቡሱ ሳይመጣ ከዚያ ቦታ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የማተሚያ ቤቱ ተቀባይ ሥዕሉንና ፎቶውን በስልኳ ካሳየችው በኋላ፣ ጠራዡ እሷ ቤት መጣ። አክስቷ በደስታ ወንበር ልታቀርብ ስትነሳ ፊቱን አየችና ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አልተቀመጠም። አልጮኸም።

«ላሳይህ ነበር» አለች ሠዓሊዋ። «ዛሬ ላሳይህ ነበር፣ እውነቴን ነው።»

«ለአገር ካሳየሽው በኋላ?»

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ቀጭኔ ነው ብዬ...»

«አባቴ ትናንት ክራባታቸውን ፈትተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት» አላት። «ምን ሆኑ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ‹የሚታይ ነገር መሆኔን አላውቅም ነበር› አሉኝ።»

«አጠፋዋለሁ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!»

«አጥፊው» አለ። «እኔ ማጥፊያውንም መለጠፊያውንም አላውቀው።» በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያጋጨው ይሻላት ነበር።

አጠፋችው። ግን የፈሰሰ ውኃ ነውና ከየሰው ስልክ ማን ይለቅመዋል? ሰኞ ከሥራዋ ፈቃድ ጠየቀችና ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች።

ራሳቸው ከፈቱላት። ሸሚዛቸው አንገቱ ድረስ ተቆልፏል፤ ክራባት የለም። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዳሩ የደበዘዘ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም፤ ሻይ ቀዱላትና ከፊቷ ተቀመጡ።

«አባባ፣ በድዬዎታለሁ።»

«ሥዕሉ ያምራል» አሉ። «አንገቴ ግን ያን ያህል ይረዝማል?»

ልትስቅ ነበር፤ ለቅሶ ሆኖ ወጣባት። እስክትጨርስ ጠበቋት። መምህር ነበሩና ተማሪ ሲያለቅስ መጠበቅ ያውቁበታል።

«ስሚኝ ልጄ። መሳልሽ አላስከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። እዚያ ስቆም ለዓይኔ የሚታየኝ እሷ ነበረች፤ ቦርሳዋ፣ አወራረዷ። አሁን ባስበው የሚታየኝ የቆመ ሽማግሌ ነው። ራሴን አየሁት። ራሱን እያየ ሰው መጠበቅ የሚችል የለም።»

«እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ከመምጣትሽ በፊት ነው ያልኩሽ። ልጄንም እንዳትቀየሚው፤ ዝምታውን ከእኔ ነው የወረሰው፤ ክፋት የለውም።»

ወደ ጓሮው ክፍል እየሮጠች ሄደች። ጠራዡ ወረቀት እያጠፈ ነበር። የአባቱን ቃል ስትነግረው አዳመጣት፤ በመጨረሻም በርጩማውን ገፋ አደረገላት። ሁሉ ነገር የተመለሰ መሰላት። አክስቷም ያን ቀን፣ «ተመስገን! ሰው እንጂ እንጨት አይደለም አላልኩሽም?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ግን አልተመለሰም። እንደ በፊቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እንደ በፊቱ ሻይ ይጠጣሉ። ስለ ወረቀት ያወራል፣ ስለ ሙጫ ያወራል፣ ስለ አየሩ ያወራል። አንዳንዴ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ፊቱ ይበራና አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኑ ሳያስበው ወደ ቀኝ እጇ ይሄዳል። ከዚያ «ተይው» ይላል። እሷም ለገጿ መሳልም መለጠፍም አቁማለች፤ ስለ እሱ ስትል፣ ዳግመኛ እንደማትስል ምላለታለች። በየማለዳው «የዛሬዋስ?» የሚለው ሰው ቀስ በቀስ መጠየቁን ተወ። ቢሮ ውስጥ የእንቁራሪት አንጀት ትስላለች፤ ቤት ገብታ ግድግዳ ታያለች። የምታዋራው ነገር እያነሰ፣ ሳቋ እየተጎተተ መጣ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ አንድ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ በፊታቸው አለፈ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሁለት እግር ብቻ ይታያል፤ ዛፎቹ፣ ሰማዩ፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁለቱ ራሳቸው እግር አውጥተው የሚሄዱ መሰሉ። አንድ ውሻ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አይቶ ጭራውን እየቆላ ተከተለው። ሠዓሊዋ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሆዷ ሳቀች። የቀኝ እጇ ጣት ጉልበቷ ላይ፣ በቀሚሷ ጨርቅ ላይ፣ ሳታውቀው መስመር ያሰምር ነበር። እግሮቹን፣ የውሻውን ጭራ።

ቀና ስትል ጣቷን እያየ ነበር። ቁጣ የለበትም። እንዲህ ባለ ፍቅር አይቷት አያውቅም።

«ሂጂና ሳዪው» አላት።

«አልስልም። ምዬልሃለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የከፋኝ።» እጇን ወስዶ በሁለት እጁ መሀል አደረገው። «አንቺ ካልሳልሽ አንቺ አይደለሽም። እኔ ደግሞ አንቺ ፊት ማውራት ፈራሁ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ከልቤ ነው። ፍርሃቱ ግን ይቅርታውን አልሰማውም።»

«እንጠብቀው። ይሄዳል።»

«ሦስት ወር ጠበቅነው እኮ።»

«እወድሃለሁ።»

«እኔም እወድሻለሁ» አለ፤ ያን ቃል የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ አፌን ቆልፌ፣ የምወዳትን ሴት እጇን አስሬ ልኑር? ሁለት ሰው አብሮ ዝም ሲል ደስ የሚለው የሚወራ ነገር እያለ ነው።»

እስከ መናፈሻው በር አብረው ሄዱ። እዚያ ላይ እጇን ለቀቀ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ፊቷን አየች። ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን ስትዳብስ አመሸች። አንዴ ብቻ፣ «ወይኔ ልጄ፣ ያ የታረመ እጅ» አለች ለራሷ።

አራት ዓመት አለፈ። ሠዓሊዋ መሥሪያ ቤቱን ለቃ በራሷ መሥራት ጀመረች። እንደገና ትስላለች፤ አሁን ግን የሰው ነገር ስትወስድ ሰውየውን ቁጭ አድርጋ ሳታስፈቅድ አትነካውም። ሁለት መጽሐፍ ወጣላት። ሁለቱም በማሽን የተጠረዙ ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ከወረቀት መሸጫ ሱቅ አንድ ጥቅል ወረቀት ታቅፋ ስትወጣ በሩ ላይ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጋር ተጋጨች። ሴትየዋ ይቅርታ ልትጠይቅ ቀና አለችና ጮኸች።

«አንቺ! የማይረቡ ነገሮች! አንቺ አይደለሽም? በየቀኑ ነው እኮ የማይሽ!» ዞር ብላ ተጣራች። «ና እስቲ፣ ማንን እንዳገኘሁ እይ!»

ጠራዡ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ፀጉሩ ላይ አሁንም የወረቀት ብናኝ አለ።

«እንተዋወቃለን» አለ ቀስ ብሎ። «ድሮ መጽሐፍ እጠርዝላት ነበር።»

«አንተ ሰው! አንድም ቀን ሳትነግረኝ!» ሚስቱ ትከሻውን በፍቅር መታ አደረገችው። «እንዲህ ነው እሱ፤ ጉድጓድ ነው፣ የገባበት አይወጣም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሐሳቡን ከየት ነው የምታመጪው?»

ጠራዡ መሬት መሬት አየ።

«ከሰው» አለች ሠዓሊዋ። «አስፈቅጄ።»

ሴትየዋ ከልቧ ሳቀች፤ ጥሩ ሰው ናት፤ ሠዓሊዋ ልትጠላት ብትፈልግም የምትጠላበት አጣች። ሚስቱ ሱቁ ሳይጨናነቅ ብላ ቀድማ ገባች። ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ።

«አባባ ደህና ናቸው?»

«ባለፈው ክረምት አረፉ።»

ጥቅሉን አጥብቃ አቀፈችው። «አልሰማሁም» አለች። «ብሰማ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ወደ ሱቁ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። «ስላንቺ ይጠይቁኝ ነበር። መጨረሻቸው ላይ፣ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝና...»

ፊቱ በርቶ ነበር። ያ የሚሞቅ፣ የቆጠበውን ቃል ሊሰጥ ሲል የሚመጣ ብርሃን። ዓይኑ ወደ ቀኝ እጇ ወረደ። እጇ ጥቅሉን ታቅፎ ነበር፤ እርሳስ አልያዘም፣ መስመር አላሰመረም።

«ተይው» አለ። «በርቺ እሺ። ደህና ሁኚ።»

«ደህና ሁን» አለችው።

ወደ ሱቁ ገባ። እሷም መንገዷን ሄደች። ሽማግሌው ስለ እሷ ምን ብለው እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።